ባትሪውን ማን መለሰው?

ሆዳን የምትባል ደንበኛችንን መኪና የመሪ ክዳን ስንከፍት ከውስጡ የወጣው ካልሲ ነው። አዎ፣ ካልሲ! ኤርባጉ መኖር በነበረበት ጉድጓድ ውስጥ የተጠቀጠቀ፣ ላቡ የደረቀበት የወንድ ካልሲ። ከሥሩ ቁራጭ ስፖንጅ፣ ከስፖንጁ ሥር ደግሞ የሙጫ ክምር። ከላይ ሲያዩት ክዳኑ አዲስ ይመስላል፤ ኤርባግ እንዳለው የሚናገረው ጽሑፍም እንዳማረበት ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ አስቦበት፣ ከእግሩ አውልቆ ነው እዚያ የከተተው። ኤዲያ! ሽታው እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም። ቢሆንም ልንገራችሁ፣ በዚያ ሳምንት ከገጠመኝ ቆሻሻ ሁሉ ያ ካልሲ የተሻለው ነበር።

ሰይፉ እባላለሁ፤ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ ሙያዬ መካኒክ ነው። ነገሩ የሆነው ሶማሌላንድ፣ ሐርጌሳ፣ መሐመድ ሞጌ ሰፈር፣ ጉሌድ የሚባል ሰው ጋራዥ ውስጥ ተቀጥሬ ስሠራ ነው። ጉሌድ የዚያው አገር ሰው ቢሆንም ጅጅጋ ተምሮ ስላደገ አማርኛውን እንደ ውኃ ይጠጣዋል። ጊዜው በእኛ አገር ሰሜኑ በጦርነት የሚነድበት ጊዜ ነበር። እኛ ከጥይቱ ርቀናል ብለን ነበር። ወሬው ግን በስልክ አድርጎ ይከተለናል፤ ያውም ከነመርዙ።

ከሐጎስ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው። ሐጎስ የአዲግራት ልጅ ነው፤ የሞተር ነገር ለእሱ ነው የተፈጠረው፤ እኔ ደግሞ የመብራትና የሽቦውን ሥራ እይዛለሁ። ከአንድ ትሪ እንበላለን፤ ሲያመኝ ሾርባ ይሠራልኛል፤ ሲከፋው እኔ አስቀዋለሁ። ጦርነቱ እንደጀመረ ሰሞን እንዲያውም እንጽናና ነበር። ቆይቶ የእሱ አገር ስልክ ተቆረጠና እናቱ በሕይወት ትኑር ትሙት የሚነግረው ጠፋ። የእኔ ታናሽ ወንድም ዘመተና ደብዛው ጠፋ። እንግዲህ እሱ እኔን ሲያይ ስልኩን የቆረጠበትን ሰው የሚያይ ይመስለው ጀመር፤ እኔም እሱን ሳይ ወንድሜን የወሰደብኝን። አንዳችን ለሌላው ምንም አላደረግንም እኮ! ግን ሰው ሲያዝን የሚጠላው ይፈልጋል፤ ሩቅ ያለው አይደረስበትምና አጠገቡ ያለውን ይይዛል።

ሦስተኛው ሰው ደምስ ነው። ደምስ ጎሚስታ ነው፤ የወንዜ ልጅ፣ ከልጅነቴ የማውቀው፣ እዚህ ጋራዥ ሥራ ያስገባኝም እሱ ነው። ውለታው አለብኝ። ግን ከስልኩ ተለያይቶ አያውቅም። ምሳ ስንበላ ሬሳ ያሳየናል። ፊቱን በጣቱ እያሰፋ፣ "እየው፣ እየው፣ እንዴት እንዳደረጉት!" እያለ፣ ሩዙን እየጎረሰ። ከንፈሩ ላይ ዘይት አለ፤ ይስቃል። አንድ ቀን ለእኔ ያሳየ መስሎ ስልኩን ወደ ሐጎስ ፊት አዞረው። ሐጎስ እጁን ሳይታጠብ ተነስቶ ወጣ። "አጥፋው!" አልኩት ደምስን፤ አጠፋው። ሐጎስን ግን አልተከተልኩትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔና ሐጎስ አንነጋገርም። ቤታችን መካከል አንሶላ ጋረድን፤ እሱ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ።

ሥራ ላይ ግን አለመነጋገር አይቻልም። ድሮ መኪና ላይ ስንሠራ፣ ባትሪውን የነቀለው "ነቅያለሁ!" ይላል፤ ሌላው "ሰምቻለሁ!" ብሎ ይመልሳል። ዝምታው ሲመጣ ያም ቀረ። ጉሌድ እኛን ማስታረቅ ሲያቅተው አንድ ዘዴ አመጣ። ባትሪ የነቀለ ሰው የነቀለበትን አስር ቁጥር ቁልፍ መስታወት መጥረጊያው ላይ ይስቀለው፤ ቁልፉ ተሰቅሎ ካየህ ባትሪው ተነቅሏል ማለት ነው፤ የሚመልሰውም የሰቀለው ሰው ብቻ ነው። "እናንተ ሐበሾች ካልተነጋገራችሁ ቁልፉ ይነጋገርላችኋል" አለን። ሁላችንም ተስማማን። ለጊዜው ሠራ።

ሆዳን ኮድቡር ሰፈር የምታስተምር መምህርት ናት። ድሬዳዋ ስላደገች ከትልቅም ከትንሽም ጋር "አንተ" እያለች ነው የምታወራው። መኪናዋን ከነኤርባጓ ናት ተብላ ነው የገዛቻት። ካልሲውን ከጉድጓዱ ጎትቼ ሳወጣው አፍንጫዋን ያዘች። የማስጠንቀቂያ መብራቱንም አየሁላት፤ እንዳይበራ አምፖሉን ነቅለውታል።

"አቦ፣ ይሄንን ፊት ለፊቴ ይዤ ነው የጎረቤት ልጆች ጭኜ የምሄደው?" አለች። "ስማ አንተ፣ እውነተኛውን አስገባልኝ። ክዳን አይደለም፣ ኤርባግ።"

ፈልጌ አገኘሁላት። ከኋላ ከተገጨ መኪና የወጣ፣ ያልፈነዳ፣ ከነመሪው። የፈታው ሰው ግን ሶኬቱን እንደመንቀል ሽቦውን በመቀስ ቆርጦታል። ደግሞ ይኸ! ከአንድ ባለጌ ሥራ ወደ ሌላ ባለጌ ሥራ።

ለማታውቁት ላስረዳ። ኤርባግ ከረጢት ብቻ አይደለም፤ ከጀርባው ባሩድ አለው። መሪ ሲቀየር መጀመሪያ የመኪናውን ቁልፍ ታወጣለህ፤ ቀጥሎ የባትሪውን ኔጌቲቭ ትነቅላለህ። ወዲያው አትነካውም፤ ውስጥ የተጠራቀመ ኃይል ስላለ እስኪወጣለት ትጠብቃለህ። ኤርባጉን ስትይዝ ፊቱን ከአንተ ታዞራለህ፤ ስታስቀምጠው ፊቱን ወደ ላይ አድርገህ ነው፤ ላዩ ላይ ምንም አታኖርም። ሽቦውን በቴስተር አትነካካም። ጎማው ቀጥ እንዳለ መሪው ይነቀላል፤ ሥሩ ያለው ጥቅል ገመድ እንዳይዞር ይጠበቃል፤ አዲሱ መሪ ምልክቱ ላይ ይገጥምና ዳዶው ይጠብቃል። ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው ባትሪው የሚመለሰው፤ ያን ጊዜ ከመሪው ፊት ማንም አይቀመጥም። ከዚህ ሁሉ የባትሪውን ካጓደልክ የቀረው ጥንቃቄ ከንቱ ነው።

ያን ቀን ሥራውን የጀመረው ሐጎስ ነው። ባትሪውን ነቀለ፣ ቁልፉን ሰቀለ፣ አሮጌውን መሪ አወጣ። ምሳ ሰዓት ላይ ግን በበርበራ መንገድ አንድ የጭነት መኪና ቆሞ ጉሌድን ጠሩት፤ የሞተር ሰው ያስፈልጋል ተባለ። ጉሌድ ሐጎስን ይዞ ሊሄድ ሲነሳ የሆዳንን መኪና እኔ እንድጨርስ ነገረኝ። ሐጎስ በአጠገቤ ሲያልፍ በአገጩ ወደተሰቀለው ቁልፍ አመለከተኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ንግግራችን ይህቺው ናት። ደምስ ያን ጊዜ ምሳ ሄዶ ስለነበር ሥራ መለዋወጣችንን አላየም። እሱ ሲመለስ ደግሞ እኔ ለምሳ ወጥቼ ነበር።

ምሳዬን በልቼ ስመለስ ሰፈሩ መብራት ጠፍቶበታል። ጋራዡ ጭር ብሏል፤ ሰዉ ጥላ ፍለጋ ገብቷል። ቁልፉ እንደተሰቀለ ነው። ኮፈኑ ተከፍቷል፤ እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ባትሪውን አላየሁም፤ ቁልፉ እያለ ለምን አያለሁ? አዲሱን መሪ አስገባሁና ዳዶውን አጠበቅሁ። ከዚያ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ራሴን ከመሪው ሥር፣ እግሬን በበሩ ወደ ውጭ አድርጌ የተቆረጠውን ሽቦ መቀጠል ጀመርኩ። የእጅ መብራቴን በጥርሴ ነክሻለሁ። ሁላችንም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ቱታ ነው የምንለብሰው፤ ከውጭ ለሚያይ እግርና ሰማያዊ ጨርቅ ብቻ ነኝ።

በዚህ መካከል አንድ ሰው መጥቶ እግሬ አጠገብ ቆመ። የፕላስቲክ ጫማውን በበሩ ሥር አየሁት። መብራቱን ነክሻለሁና መናገር አልቻልኩም። አንድ ነገር ሊነግረኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ቆመ። ቆይቶ ረጋ ባለ እርምጃ ሄደ። የሥራ ነገር መሰለኝና ረሳሁት።

ሽቦውን ቀጥዬ ስጨርስ ወንበሩ ላይ ተነስቼ ተቀመጥኩ። ቅጥሉን ገና በፕላስተር አልጠቀለልኩትም፤ መጀመሪያ ይደርስ እንደሆነ ልለካ ብዬ ኤርባጉን አንስቼ ወደ መሪው አቀረብኩት። አንገቴን አስግጌ ጉድጓዱን እያየሁ ነው። ያኔ ከኮፈኑ በኩል ድምፅ ሰማሁ።

"ሰይፉ! ባትሪው ታስሯል! ውጣ!"

የሐጎስ ድምፅ ነው። የረሱት መሣሪያ ኖሮ ሊወስድ ከጉሌድ ጋር ተመልሶ፣ በተከፈተው ኮፈን አጠገብ ሲያልፍ ነው ያየው። ስንት ጊዜ ዘግቶኝ በነበረ አፍ ስሜን ሲጠራ ግራ ገባኝና ደነዘዝኩ። እሱ መልስ አልጠበቀም። በኮሌታዬና በቀበቶዬ ይዞ ጎተተኝ። እኔስ ምን አሰብኩ? ሊገድለኝ መጣ አልኩ። በክርኔ አፉን መታሁት፤ ሲሰበር እንደሚሰማ እንጨት ቀጭ አለ። አልለቀቀኝም። ተያይዘን መሬት ላይ ወደቅን።

ኤርባጉ ከእጄ አመለጠ። መሪው ላይ ሲወድቅ አንዱ ራቁት ሽቦ ብረቱን ነካ፤ ሌላው የክላክሱን ሽቦ። ያቺን መኪና ከሆዳን በፊት ይነዳት የነበረ ሰው የጭነት መኪና ክላክስ አስገብቶ ገመዱን ከባትሪው ጋር በቀጥታ አገናኝቶታል፤ የመኪናው ቁልፍ ኖረም አልኖረም ኃይል አለበት። ፈነዳ። እንደ ጥይት አልልም፤ ጥይት ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ ይኸ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው የፈነዳው። ጆሮዬ ጮኸ፣ ነጭ አቧራ ዓይኔን ሞላው፣ የባሩድ ሽታ ጉሮሮዬን ያዘው። ቀና ስል የፊት መስታወቱ ተሰንጥቋል፤ አገጬ የነበረበት ቦታ ላይ የተቀደደ ከረጢት ተንጠልጥሎ ይጨሳል።

ሰው ተሰበሰበ። ከሁሉም ቀድሞ የደረሰው ደምስ ነው። እኔን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ድንገት ወደ ሐጎስ ዞረ።

"ይኸው! አላልኳችሁም? ቁልፉን ሰቅሎ ባትሪውን መልሶት ነው የሄደው! ወንድሜን ሊገድልብኝ!"

ሐጎስ ከንፈሩ ደም ነው። "ነቅያለሁ። ቁልፉንም ሰቅያለሁ" አለ። ሁሉም ሄዶ አየ። ቁልፉ ተሰቅሏል፤ ባትሪው ታስሯል። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማን ይፈልጋል? ታዲያ ለምን ጎትቶ አወጣው ያለ ሰው ነበር፤ ደምስ "ሲያየን ፈርቶ ነዋ!" አለው። የቀን ሠራተኞቹ የአገራችን ልጆች ማጉረምረም ጀመሩ፤ አንዱ ድንጋይ አነሳ።

ጉሌድ መካከል ገባና ድንጋዩን አስጣለ። በጋራዡ ውስጥ ደም አልፈልግም፣ ፖሊስ ይየው አለና ስልኩን አወጣ። ይኼኔ ነው ሐጎስ ጎማ ላይ የተቀመጠው። ሁላችንም እናውቃለን። ሐጎስ የመኖሪያ ወረቀት የለውም፤ ፖሊስ ከያዘው በቶጎ ውጫሌ በኩል ይሸኙታል፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ የእሱን ዓይነት ስም ይዞ ድንበሩን የተሻገረ ሰው የት እንደሚገባ የሚነግርህ አልነበረም። ጉሌድ ወደ እኔ ዞረ።

"የተጎዳኸው አንተ ነህ። ፊትህን ታጠብና ና። እሱ ነው ካልክ እደውላለሁ፤ አይደለም ካልክ አልደውልም።"

ግማሽ ልቤ ጎትቶ አወጣኝ ይላል፤ ግማሹ ባትሪውን ሌላ ማን ይነካል ይላል። ደምስ ክንዴን ይዞ ከጋራዡ ጀርባ ወዳለው በርሜል ወሰደኝ። በጆግ እየቀዳ ዓይኔን ያጥብልኝ ጀመር፤ ቀስ እያለ፣ እንደ እናት። እንባው ወረደ። ለእኔ ደንግጦ ነው ብዬ እኔው አጽናናሁት።

"ይቅር በለኝ ወንድሜ" አለ። "ማርያምን፣ አንተ መሆንህን አላወቅሁም።"

"ምኑን?"

"ባትሪውን የመለስኩት እኔ ነኝ። መብራት ጠፋ፣ ስልኬ ሞተ። የልጅቷ መኪና ከኋላ ወንበር ጋ ያለ ቁልፍ የሚሠራ ቻርጅ ማድረጊያ አላት፤ በፒንሳ አሰርኩትና ሰካሁት። ለጥቂት ጊዜ ብዬ ነበር።"

"እግሬ አጠገብ መጥተህ የቆምከው አንተ ነህ?"

"ልነግር መጥቼ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

ደምስ ፊቴን በነጠላ ጨርቅ እያበሰልኝ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ የሚያስደስተኝ ነገር የሚነግረኝ መስሎት መለሰልኝ።

"እሱ መስሎኝ እኮ ነው።"

የበላሁትን ሩዝ በሙሉ እዚያው አስታወክሁት። ደምስ ግንባሬን ያዘልኝ! ለሚያስታውክ ሰው እንደሚደረገው መዳፉን ግንባሬ ላይ አድርጎ ደገፈኝ። ያ እጅ ነው ባትሪውን ያሰረው። ሙቀቱ፣ ላቡ፣ የጎማ ሽታው፤ ከትውከቱ ይልቅ ያ መዳፍ አቅለሸለሸኝ። እሱ ከላዬ ሆኖ ያወራል። በእርጋታ ነው የሚያወራው። እግዜር ራሱ አመቻችቶታል፣ ዝም ካልን ይወስዱታል፣ ወንድምህን አስብ ይለኛል። የወንድሜን ስም ጠራ። ያን ስም በዚያ አፍ መስማት፣ እርም! እጁን ከግንባሬ ላይ አንስቼ ጣልኩት።

ወደ ጋራዡ ስመለስ ሐጎስ ጎማው ላይ እንዳለ ነው። ቀና ብሎ አላየኝም። ፈርዶብኛል ብሎ ጨርሷል።

"ባትሪውን የመለሰው ደምስ ነው" አልኩ ለጉሌድ፤ ጆሮዬ ደንቁሮ ስለነበር ድምፄን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። "ስልኩ ከኋላ ወንበር ተሰክቷል፤ ሂድና እየው።"

ጉሌድ ሄደ። ነጭ አቧራ የለበሰ ስልክ ከነገመዱ ይዞ ወጣ። ድንጋይ አንስቶ የነበረው ልጅ እጁን ቱታው ላይ ጠረገ። ደምስ የተበደለው እሱ ይመስል እኔን እኔን ብቻ ያያል።

"ለእሱ ብለህ እኔን?" አለኝ።

ጉሌድ ያንኑ ሰዓት ዕቃውን አስይዞ አባረረው፤ ፖሊስ ጋ ግን አልደወለም፤ ስልኩን ኪሱ ከተተው። ሆዳን ከሰዓት በኋላ መጥታ የሆነውን ስትሰማ ስለ መስታወቱ አልጠየቀችም። ሐጎስን ስሙን ጠይቃ ከመኪናዋ ውኃ አውጥታ ሰጠችው፤ ሌላ ኤርባግ እስኪገኝ በእግሯ እንደምትሄድ ነገረችን።

ከሐጎስ ጋር አብረን ወደ ቤት ሄድን። መንገዱን ግማሽ ያህል እንደሄድን እሱ ነው ቀድሞ የተናገረው።

"ጥርሴን አነቃነቅከው።"

"ልትገድለኝ የመጣህ መስሎኝ ነው።"

"አውቃለሁ" አለ። "ስጎትትህ አውቄ ነበር።"

ቤት ገብተን አንሶላውን አወረድነው። ተቃቅፈን አላለቀስንም፤ እንደዚያ የሚሆነው በወሬ ነው። ሩዝ ሠራ፤ ጥርሱ እያመመው በአንድ ጎኑ አኘከ። ስለ ጦርነቱም በዚያ ምሽት አላነሳንም። የወንድሜ ነገር እስከ ዛሬ አልተገኘም። የእሱ እናት ግን ስልክ ሲመለስ በሕይወት ተገኘች፤ ድምጿን የሰማ ዕለት ተቀባብለን አናገርናት።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ "ደምስ እኮ አልገደለም፣ ዝም ነው ያለው" የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ! ያን ወርቅ እኔ እግሬ አጠገብ ቆሞ አይቼዋለሁ፤ የፕላስቲክ ጫማ አድርጓል። ጥላቻ ጎራዴ ይዞ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ስልክ ቻርጅ ሊያደርግ ይመጣል፤ መሪ ሥር የተጋደመ ሰው ያያል፤ ማንነቱን ይገምታል፤ ዞር ብሎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ "የወንዝ ልጅ" የሚለውን ቃል ስሰማ አፌን መጉመጥመጥ ያምረኛል። ገበታ ላይ ሬሳ የሚያሳይ ሰው ካለ ገበታውን ትቼ እነሳለሁ፤ ሬሳው የማንም ይሁን። ያኮረፍኩ ከመሰላችሁ ልክ ናችሁ።

ደምስ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በበዓል በበዓሉ ይደውልልኝ ነበር። እንኳን አደረሰህ ይለኛል፤ ቀጥሎ ይቅርታ ይጠይቀኛል፤ በየበዓሉ፣ ከልቡ፣ ድምፁ እየተሰበረ። ባለፈው ፋሲካ ግን ሰለቸኝና አቋረጥኩት።

"ደምስ፣ እውነት ሐጎስ ሆኖ ቢሆንስ?" አልኩት።

ጥያቄው አልገባውም ነበር፤ በድምፁ አወቅሁት።

"እንዴ፣ እሱ ቢሆን ኖሮማ ይቅርታ ምን ያስጠይቀኛል?" አለኝ።

ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ አላነሳሁለትም።